በሴሽን ውስጥ የሚሰማችሁን ስሜት እንዴት ለሥራ ታውሉታላችሁ? የቴራፒስት መመሪያ

አንድ ታካሚ ነበሩኝ፤ እሳቸው ፊት ስቀመጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

ስድሳን የተሻገሩ፣ ጨዋ፣ ቀጠሮ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። የሚያወሩት ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ሞት፣ መለያየት፣ በልጅነት ከቤት መውጣት። እኔ ግን ዐይኔ ይከብደኛል። ማዛጋቴን ጥርሴን ነክሼ በአፍንጫዬ አሳልፋለሁ። መጀመሪያ ቡና ጨመርኩ። ቀጥሎ ቀጠሯቸውን ከከሰዓት ወደ ጠዋት አዛወርኩ። ወይ ፍንክች! ከሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ ከሚገቡት ጋር ንቁ ነኝ። እሳቸው ሲገቡ ብቻ መብራት እንደጠፋበት ቤት እሆናለሁ።

ይህን ለሱፐርቫይዘሬ፣ ሥራዬን አብራኝ ለምትገመግመው አንጋፋ ቴራፒስት፣ ለመናገር ሁለት ወር ፈጀብኝ። አፍሬ ነበር። ስነግራት አልተቆጣችም፣ አላጽናናችኝምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እንቅልፉ የሚጀምርህ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?»

ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። (የሰውዬውን ዝርዝር ቀያይሬዋለሁ፤ ማንም ራሱን እዚህ እንዳያገኝ።) ይህ መመሪያ በዋናነት ሥራውን ለጀመሩ ቴራፒስቶችና አማካሪዎች፣ ማለትም የሥነ ልቦና ችግርን በንግግር ለሚያክሙ ሰዎች ነው። ሴሽን የምለው ከታካሚው ጋር የምንቀመጥበትን የሕክምና ሰዓት ነው። ታካሚ የምለውን ደንበኛ ወይም ተገልጋይ ብላችሁ ብታነቡት ቅር አይለኝም።

የቴራፒስቱ ስሜት ለሥራ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች የሆነው ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1910 ካውንተርትራንስፈረንስ የሚለውን ቃል አስተዋወቀ። ታካሚው በሐኪሙ ውስጥ የሚቀሰቅሰውን ስሜት ማለቱ ነው። ለሱ ስሜቱ እንቅፋት ነበር፤ ሐኪሙ ሊያውቀውና ሊያሸንፈው ይገባል። በ1912 ደግሞ ሐኪሙ እንደ መስታወት ይሁን፣ ከራሱ ምንም አያሳይ ብሎ መከረ። ምክሩን እሱ ራሱ ብዙም አልኖረበትም። አንድ ቀን ተርቦ ለመጣ ታካሚው ምግብ ማቅረቡን በገዛ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል።

ነገሩ የተገለበጠው በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ የነበረው ዶናልድ ዊኒኮት በ1949 ቴራፒስት ታካሚውን ሊጠላ እንደሚችል አፍ አውጥቶ ተናገረ። በ1950 ሌላዋ ተንታኝ ፓውላ ሃይማን የተንታኙ ስሜት ታካሚውን ለመረዳት ከሚረዱት ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው አለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ከሌላ መንገድ መጥቶ በ1957 የቴራፒስቱን አለማስመሰል ለለውጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል አስገባው።

ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኔ ለሥራ የሚሆነኝን አንድ ነገር ይዣለሁ፦ ስሜቴ መረጃ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። መረጃ ሲመጣ ይመዘገባል፣ ይጣራል፣ ከሌላ ጋር ይመሳከራል። ሰምተው ወዲያው አይፈርዱበትም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የዚህ ማጣራት ሂደት ናቸው።

1. ከመግባታችሁ በፊት፦ ይዛችሁት የምትገቡትን እወቁ

አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን አስቀምጡና ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ሰውነቴ አሁን እንዴት ነው? ዛሬ ከቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ምንድን ነው? ይህ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳስበው መጀመሪያ የሚሰማኝ ምንድን ነው? የሦስተኛውን መልስ በአንድ ቃል ጻፉት። «ጉጉት»። «ድካም»። «ኤጭ»። አዎ፣ «ኤጭ» ራሱን የቻለ መልስ ነው። እንዲያውም ከሁሉ ጠቃሚው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የምታደርጉት ለመረጋጋት አይደለም። ብትረጋጉ እሰየው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። የድሮውን የሜርኩሪ ሙቀት መለኪያ አስታውሱ። ነርሷ ብብታችሁ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ታራግፈዋለች። ካላራገፈችው የሚያሳየው ካንተ በፊት የነበረውን በሽተኛ ትኩሳት ነው። እናንተም ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተጣልታችሁ በገባችሁበት ቀን በሴሽኑ መሃል ንዴት ቢሰማችሁ የማን እንደሆነ የምትለዩት በሩ ላይ ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበራችሁ ካወቃችሁ ብቻ ነው።

2. ወንበሩ ላይ፦ መጀመሪያ ሰውነት ነው የሚያወራው

ስሜት ስም ከማግኘቱ በፊት ሥጋ ላይ ይታያል። መንጋጋ ይጠብቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እኔ ስናደድ የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ይኮማተራሉ። ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የናንተ ምልክት የት እንዳለ ለማወቅ ከእያንዳንዱ ሴሽን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ ዛሬ ከሰውነቴ የትኛው ክፍል ሠራ? በአንድ ወር ውስጥ ተደጋጋሚውን ታገኙታላችሁ።

ወደ ውስጥ የምታዩት ግን ሾፌር መስታወት እንደሚያየው ነው። ቃኘት አድርጎ ወደ መንገዱ መመለስ። መስታወቱን ብቻ እያየ የሚነዳ መጋጨቱ አይቀርም። የራሱን ስሜት ሲያዳምጥ ታካሚውን የረሳ ቴራፒስትም አይቻለሁ፤ ራሴን ጨምሮ። በቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ምስል ከስክሪኑ ላይ ደብቁት። ራሱን እያየ ሰው የሚሰማ የለም።

ስሜቱ አልታወቅ ካለ ድርጊታችሁን እዩት። ከመደበኛ አሠራራችሁ የምታፈነግጡት ከማን ጋር ነው? ሴሽኑን ሁልጊዜ በአሥር ደቂቃ የምታስረዝሙለት አለ? ማስታወሻ መጻፍ የምትረሱበት፣ ምክር የምታጎርፉበት፣ ክፍያ መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ፣ ቀጠሮው ያለበት ቀን ለአለባበሳችሁ የምትጨነቁለት? «እኔ እኮ ምንም አልተሰማኝም» ያለ ቴራፒስት አጀንዳውን ገልጦ ቢያይ እውነቱን ያገኘዋል።

3. የማን ነው?

ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

በአርጀንቲና ይሠራ የነበረው ተንታኝ ሃይንሪክ ራከር ቴራፒስቱ ውስጥ የሚቀሰቀሰውን ስሜት በሁለት ከፍሎታል። አንዳንዴ የሚሰማችሁ ታካሚው ራሱ የሚሰማው ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሚሰማችሁ በታካሚው ሕይወት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው የሚሰማው ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ወጣት አለቃዋ በሰው ፊት እንዴት እንዳዋረዳት እየሳቀች ትነግራችኋለች። እሷ ትስቃለች፤ የናንተ ልብ ግን ይደልቃል። ምናልባት ፍርሃቱ የሷ ነው፤ እሷ በሳቅ የሸፈነችውን እናንተ እየተሸከማችሁላት ነው። ያችው ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ትገባለች። ይቅርታ አትጠይቅም። ያላችሁትን ሁሉ «አይሠራም» እያለች ትጥላለች። አሁን ልትገሥጿት ያምራችኋል። ይህ የሷ ስሜት አይደለም። ምናልባት የአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቆጣት ለምን እንደሆነ ከውስጥ እያያችሁት ነው።

ከሁለቱም በፊት ግን ሦስተኛው አለ፦ ስሜቱ የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። የማጣራው በነዚህ ጥያቄዎች ነው፦

ይህ ስሜት ከሌሎች ታካሚዎች ጋርም ይመጣብኛል? ከሁሉም ጋር ከመጣ የኔ ነው፤ ዕረፍት ወይም የራሴ ሕክምና ያስፈልገኛል።

ይህ ሰው ማንን ያስታውሰኛል? ድምፁ፣ አቀማመጡ፣ ዕድሜው? መልሱ «ማንንም» ከሆነ አንዴ ደግሜ እጠይቃለሁ።

የስሜቱ መጠን ከነገሩ ጋር ይመጣጠናል? ታካሚ ቀጠሮ ስለሰረዘ ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ፣ ነገሩ ከቀጠሮው በላይ ነው።

ይህ ሰው በሕይወቱ ካሉ ሰዎች ስለ ራሱ የሚሰማው ቅሬታ እኔ ከሚሰማኝ ጋር ይመሳሰላል?

መቼ ነው የሚጀምረው?

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ የሱፐርቫይዘሬ ናት። ለሦስት ሴሽን ዐይኔ በከበደ ቁጥር ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ነጥቦቹ በሰዓቱ ላይ አልተሰበሰቡም። የተሰበሰቡት ሰውዬው ስለ እናታቸው ሲያወሩ ነው። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝርግ ይላል። ዓመቱን፣ የሰፈሩን ስም፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይደረድራሉ። ስለ ገዛ እናታቸው ሳይሆን ከመዝገብ ቤት የወጣ ደብዳቤ የሚያነቡ ይመስላሉ። ታሪኩ አለ፤ ሰውየው ግን ከታሪኩ ወጥተው ሄደዋል። እኔም ተከትያቸው እወጣለሁ።

እዚህ ላይ «አሃ! እንቅልፉ የሳቸው ነው» ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን እውነቱ ይህ ብቻ አልነበረም። አባቴ የሞተ ሳምንት እኔ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ሐዘን ሲመጣ መተኛት የኔ የቆየ መሸሻ ነው። የሳቸው ነገር መጥቶ የኔ መንጠቆ ላይ ተሰቀለ። ባየሁት መጠን አብዛኛው ጊዜ እንዲህ ነው፤ መንጠቆው ከኛ፣ የሚሰቀለው ከነሱ።

ስለዚህ «ይህን ስሜት የከተተብኝ ታካሚው ነው» የሚል ቴራፒስት ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስንፍናችንን፣ ድካማችንንና ጥላቻችንን የምናላክክበት የተማረ ሰው ሐሜት ነው።

4. ዝም በሉ፣ ተጠቀሙበት

ራስን መጠቀም ሲባል ብዙዎች የሚመስላቸው ስለ ራስ ማውራት ነው። አይደለም። አብዛኛው ሥራ ያለ አንድ ቃል ያልቃል። ስሜቱ የሚለውጠው የምትጠይቁትን ጥያቄ ነው።

ልትገሥጿት ያማራችሁን ወጣት እንመልሳት። ንዴታችሁን አትነግሯትም። ግን ንዴቱ የት ማየት እንዳለባችሁ ጠቁሟችኋል። «ዛሬ ደረጃውን ስትወጪ ምን ይሉኛል ብለሽ ነበር የምታስቢው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ይቆጡኛል ብዬ» ካለች ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እናንተ ስለ ራሳችሁ አንድም ነገር አላላችሁም።

የራሴ ደንብ፦ ስሜቱ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ እስኪመጣ አልናገርም። አንዴ የመጣ ነገር ያልበላሁት ምሳ ሊሆን ይችላል።

5. ለመናገር ስትወስኑ

ሁለት ዓይነት ንግግር አለ፤ አታምታቱት። አንደኛው ስለ ግል ሕይወታችሁ መንገር ነው፦ «እኔም ተፋትቻለሁ»። ሁለተኛው አሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በሁለታችሁ መካከል ስላለው ነገር መናገር ነው፦ «አሁን ያልሽው ነገር ከበደኝ»። ሁለተኛው ለሕክምናው ይቀርባል። የመጀመሪያውን ግን እንደ በርበሬ ቆጥቡት።

ከመናገራችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ። ይህን የምለው ለማን ነው፣ ለሱ ወይስ እንዲቀለኝ? ከሰማ በኋላ እሱ እኔን ማጽናናት ይጀምራል? የማወራው ቁስል ሽሯል ወይስ ገና እየደማ ነው? ነገ ለሱፐርቫይዘሬ ሳላፍር እነግራታለሁ? አንዱ ከጎደለ አፋችሁን ያዙ።

መስመሩን አልፎ የሄደ ሰው ምሳሌም አለ። የፍሮይድ የቅርብ ባልደረባ የነበረው ሻንዶር ፈረንዚ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንዲት ታካሚው ጋር ተራ እየተቀያየሩ አንዱ ሌላውን መተንተን ጀመሩ። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ግን ዕለት በዕለት በያዘው ማስታወሻ ላይ ችግሮቹንም አሰፈረ። አንደኛው ግልጽ ነው፦ እሷ ፊት ያለ ገደብ ከተናገረ የሌሎች ታካሚዎቹን ምስጢር የት ያድርገው?

አነጋገሩ ራሱ እንዲህ ይሠራል። ያያችሁትን ተናገሩ። በናንተ ውስጥ የሆነውን ጨምሩ። ልትሳሳቱ እንደምትችሉ አሳዩ። ከዚያ በጥያቄ ወደ ታካሚው መልሱ። አራቱም ቢበዛ አምስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግቡ።

እኔ ለሰውዬው ልል የነበረው የመጀመሪያ ረቂቅ ይህ ነበር፦ «ስለ እናትዎ ሲያወሩ ከስሜትዎ ይሸሻሉ።» ብልህ ይመስላል። ግን ፍርድ ነው፤ የኔ ድርሻም ውስጡ የለም። ቀይሬው እንዲህ አልኩ፦

«ስለ እናትዎ ሲነግሩኝ አብሬዎት መቆየት ያቅተኛል። ቃሉን እሰማለሁ፤ እርስዎን ግን አጣዎታለሁ። ምናልባት የኔ ችግር ይሆናል። እርስዎ ጋርስ በዚያ ሰዓት ምን አለ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ዐይንህ ሲከብድ አያለሁ። ለዚህ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የምጨርሰው። ሰው እንዳላሰለች ብዬ።»

6. ሲያዩዋችሁ

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። እኔ ስመለከታቸው እሳቸው ሲመለከቱኝ ከርመዋል። መስታወት ነኝ ያለ ቴራፒስት የሚረሳው ይህንን ነው፤ ታካሚ ሁሉ ፊታችሁን ያነባል።

በዚህ ሰዓት ማስተባበል ያምራል። «ኧረ በጭራሽ!» ማለት ከምላስ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ያን ብትሉ ለሰውየው ዐይኑን እንዳያምን ታስተምሩታላችሁ። ሌላኛው ስህተት ደግሞ መናዘዝ ነው፤ ስለ አባቴ፣ ስለ ሐዘኔ፣ ስለ እንቅልፌ ባወራ ኖሮ ሰዓቱ የኔ ይሆን ነበር።

ተቀበሉ፣ አሳጥሩ፣ መልሱ። እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ «አዎ፣ ከብዶኛል። ልክ አይተዋል። ይቅርታ። ያን ሲያዩ ምን ተሰማዎት?»

የዚያን ቀን ስለ እናታቸው ሳይሆን፣ ሲያወሩ ስለተኙባቸው ሰዎች ነው ያወራነው። ብዙ ነበሩ።

ስለ ግል ጥያቄዎች ባጭሩ። «ልጆች አሉህ?» ሲሏችሁ ወዲያው «ለምን ጠየቁኝ?» ማለት የፖሊስ ጣቢያ ይሸታል። ወይ በአንድ ቃል መልሱ፣ ወይ «ይህን ለራሴ ባስቀምጠው እመርጣለሁ» በሉ። ከዚያ መልሱ ምን ትርጉም እንዳለው ጠይቁ። እርግዝና፣ ሕመም፣ ረጅም ፈቃድ ዓይነት የማይደበቅ ነገር ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁና ለሁሉም እሱኑ በሉ።

7. ለማን ትነግራላችሁ?

ስሜታችሁን የታካሚው መዝገብ ላይ አትጻፉ። ለብቻው፣ ስም የሌለበት ወረቀት ይኑራችሁ። ሱፐርቪዥን ስትሄዱ ደግሞ ታካሚው ያለውን ብቻ ሳይሆን ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ልትናገሩት የምታፍሩት ነገር ካለ በሱ ጀምሩ፤ መጨረሻ ካደረጋችሁት ሰዓቱ ያልቃል። ያልቃል ብላችሁ እንደምታሰሉም ታውቁታላችሁ።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃሮልድ ሰርልስ በ1955 እንዳሳየው፣ በታካሚውና በቴራፒስቱ መካከል ያለው ነገር በቴራፒስቱና በሱፐርቫይዘሩ መካከል ሊደገም ይችላል። እኔ የሰውዬውን ጉዳይ ሳቀርብ ዓመትና ስም እየደረደርኩ ነበር። ሱፐርቫይዘሬ አቋረጠችኝ። «አሁን እኔም ተኛሁ» አለች።

የወሲብ መሳሳብ ከተሰማችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ፤ ለታካሚው አትንገሩ። መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ወደ ድርጊት አለመሄድ ግን ድርድር የለውም። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ከታካሚ ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነትን ይከለክላል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 2 ዓመት ገደብ አለ፤ ከዚያ ወዲያም ቢሆን እጅግ የተለየ ሁኔታ ካልሆነ በቀር አይፈቅድም። ሌሎች የሙያ ደንቦች የራሳቸው ገደብ ስላላቸው የምትሠሩበትን ደንብ አንብቡ።

የራሳችሁ ሕክምናስ? እኔ የአባቴን ነገር ይዤ ወደ ሌላ ቴራፒስት ሄድኩ። የዚያን ዝርዝር እዚህ አላወራም፤ ከላይ ያነሳሁትን ማጣሪያ ራሴ ላይ ብጠቀም አራቱን ጥያቄ አያልፍም።

ሰውዬው ጋር እንቅልፉ አልጠፋም። ቀነሰ። ሲመጣ ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አንድ ጠዋት ስለ እናታቸው ጀመሩ፤ ዓመቱን ጠሩ፣ ሰፈሩን ጠሩ። ከዚያ ቆም አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«አለህ?» አሉኝ።

«አለሁ» አልኳቸው።

ቀጠሉ።